የ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአሜሪካ ታሪክ፦ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሆነው ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ኮርስና ፈተና) የአሜሪካ ታሪክ ለሚወስዱ፣ ኮሌጅ ገብተው የግዴታ ኮርስ ለተሰጣቸው፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ ውስጥ ታሪክ እያጠኑ የአሜሪካ ኮርስ ለገጠማቸው ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። የተለየ ነገር ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ ከየት ጀምሮ የት ያበቃል?

መምህራኑ ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ ከ1898ቱ የስፔን ጦርነት ይጀምራል፤ አሜሪካ ፊሊፒንስን፣ ፖርቶ ሪኮንና ጉዋምን ይዛ ባሕር ማዶ ግዛት ያላት አገር የሆነችው ያን ጊዜ ነውና። ሌላው በሴፕቴምበር 1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በጥይት ተመተው ሞተው የ42 ዓመቱ ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣን ሲይዙ ይጀምራል። መጨረሻውም እንዲሁ ነው፤ የሚበዙት ግን ጥቅምት 1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ያቆማሉ።

ኤፒ የምትወስዱ ከሆነ ጭንቀቱ የእናንተ አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ከ1890 እስከ 1945 ያለውን ሁሉ “7ኛው ዘመን” ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ከፈተናው ከ10 እስከ 17 በመቶ የሚሆነውም ከዚያ ይወጣል።

ፕሬዚዳንቶቹን በቅደም ተከተል መሸምደድ አለብኝ?

ሩዝቬልት፣ ታፍት፣ ዊልሰን፣ ሃርዲንግ፣ ኩሊጅ፣ ሁቨር። ስድስት ስም ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ችግሩ ብዙ ተማሪ እዚያው ላይ ያቆማል። ፈተናው ደግሞ ማን መቼ እንደነገሠ አይጠይቅም።

ታዲያ ከምን ልጀምር?

ከአንድ ክስተት። ለጀማሪ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው የትራያንግል ፋብሪካን ቃጠሎ ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 25 ቀን 1911፣ ኒው ዮርክ። ፋብሪካው የሴት ሸሚዝ የሚሰፋበት ነው፤ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ላይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፎቆች ይዟል። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድና ጣሊያናውያን ወጣት ሴቶች ናቸው። የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው 8ኛው ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። 9ኛው ፎቅ ላይ ከሁለቱ የደረጃ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር። የውጪው የእሳት ማምለጫ ብረት ደረጃ ከሰው ብዛት ተገንጥሎ ወደቀ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል የሚደርሰው 6ኛው ፎቅ ድረስ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ በመስኮት ዘለሉ። 146 ሰው ሞተ።

ከዚህ ቃጠሎ ተነሥታችሁ የዘመኑን ክር ሁሉ መምዘዝ ትችላላችሁ። ሴቶቹ ከየት መጡ? ስትሉ የስደተኞች መግቢያ የነበረችው ኤሊስ ደሴት ትደርሳላችሁ። በሩ ለምን ተቆለፈ? ስትሉ ስለ ባለፋብሪካውና ሠራተኛው ግንኙነት ትገባላችሁ፤ የሚሰጠው ምክንያት ሠራተኛ ጨርቅ ሰርቆ እንዳይወጣ ነው። ከዚያ በፊት አድማ አልነበረም ወይ? ነበር፤ በ1909 መጨረሻ ከ20,000 በላይ የልብስ ሰፊ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር፤ የትራያንግል ሠራተኞችም ከመካከላቸው ነበሩበት። ባለቤቶቹ ተቀጡ? ፍርድ ቤት ቀረቡና በዲሴምበር 1911 በነፃ ተለቀቁ። ታዲያ ምን ተለወጠ? የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእሳት መከላከያ፣ የሥራ ሰዓትና የሕፃናት ጉልበት ሕጎች በዝርዝር ወጡ። ያን ቀን ከአደባባዩ ቆማ ሴቶቹ ሲዘልሉ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ወጣት ነበረች። ከ22 ዓመት በኋላ በ1933 የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች፤ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የካቢኔ አባል ናት። ከ1911 እስከ ኒው ዲል (የ1930ዎቹ የመንግሥት ማሻሻያዎች) ያለውን መንገድ በአንዲት ሴት ሕይወት አቋረጣችሁት ማለት ነው።

ሕንፃው አሁንም አለ፤ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ካለፋችሁ ቀና ብላችሁ 9ኛውን ፎቅ ፈልጉ።

“ፕሮግረሲቭ” (የለውጥ አራማጅ) የሚባሉትን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? አንዱ ስለ ሥጋ ፋብሪካ፣ አንዱ ስለ መጠጥ፣ አንዱ ስለ ባንክ ነው የሚያወራው።

ግራ መጋባታችሁ ትክክል ነው። አንድ ፓርቲ አልነበሩም፤ ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም ነበረባቸው፤ በ1912 ደግሞ ሩዝቬልት ከታፍት ጋር ተጣልተው በዚሁ ስም የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው ተወዳደሩ። ድምፁ ለሁለት ተከፈለና ዊልሰን አሸነፉ። የሚያገናኛቸው አንድ እምነት ነው፦ ኢንዱስትሪና ከተማ ያመጡት ጣጣ ዝም ብሎ አይፈታም፤ መንግሥት፣ ባለሙያና ሕግ ይግቡበት የሚል።

እኔ ግን በእያንዳንዱ ማሻሻያ ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ እላለሁ፦ ለማን? ይህን ጥያቄ የያዘ ተማሪ መጽሐፉ የሚሰጠውን የድል ዝርዝር እንዳለ አይውጠውም።

የሥጋውን ነገር ውሰዱ። አፕተን ሲንክሌር በ1906 “ዘ ጃንግል”ን ያሳተመው በቺካጎ ሥጋ ማሸጊያዎች የስደተኛ ሠራተኛውን መከራ ለማሳየት ነበር። አንባቢውን ያስደነገጠው ግን ሠራተኛው ሳይሆን ቋሊማው ውስጥ የሚገባው ነገር ሆነ። በዚያው ዓመት በጁን 30 የሥጋ ምርመራ ሕጉና የንጹሕ ምግብና መድኃኒት ሕጉ አብረው ተፈረሙ። ለማን? ለተመጋቢው። ሠራተኛው በዚያው ደመወዝ፣ በዚያው ቢላዋ ቀጠለ።

ወይም የሥራ ሰዓትን ተመልከቱ። ኒው ዮርክ የዳቦ ጋጋሪዎችን የሥራ ሰዓት በቀን 10 ብላ ብትወስን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1905 በሎክነር ጉዳይ “የመዋዋል ነፃነትን ይነካል” ብሎ ሕጉን ጣለው። በ1908 ግን በመለር ጉዳይ የኦሪገንን ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀ፤ ምክንያቱም ያኛው የሚመለከተው ሴቶችን ነበርና፣ ዳኞቹም ሴት ደካማ ናት፣ እናት ናት፣ ጥበቃ ትፈልጋለች አሉ። ይህ ድል ነው ወይስ ማሰሪያ? በዚያ ዘመን የነበሩ ሴቶች ራሳቸው ተከራክረውበታል። እነዚህን ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መጻፍ የሚችል ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ዊልሰንም አሉ። ማዕከላዊ ባንኩን፣ ፌዴራል ሪዘርቭን፣ በ1913 ያቋቋሙት፣ በሕፃናት ጉልበት ላይ የመጀመሪያውን የፌዴራል ሕግ በ1916 የፈረሙት እሳቸው ናቸው፤ በዋሽንግተን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች እንዲለያዩ የተደረገውም በእሳቸው አስተዳደር ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ሁለቱንም በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

አራቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ይምታቱብኛል።

16ኛው የገቢ ግብር፣ 17ኛው ሴናተሮችን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ፤ ሁለቱም 1913። 18ኛው የመጠጥ ክልከላ፣ በ1919 ጸድቆ ከጃንዋሪ 1920 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ 19ኛው የሴቶች የመምረጥ መብት፣ ኦገስት 1920።

ስለ 18ኛው ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር አለ፦ የተከለከለው መጥመቅ፣ መሸጥና ማጓጓዝ እንጂ መጠጣት አልነበረም። አስቀድሞ ቤቱ ያከማቸ ሀብታም በሕጋዊ መንገድ ይጠጣ ነበር። እንደገና፦ ለማን?

19ኛው ያለፈው ለማጽደቅ በቀረችው የመጨረሻዋ ክፍለ ግዛት፣ በቴነሲ ምክር ቤት፣ በአንዲት ድምፅ ነው። የምክር ቤቱ አባል፣ የ24 ዓመቱ ሃሪ በርን፣ ተቃዋሚ ይሆናል ሲባል፣ እናቱ “ደግፍ” ብላ የላከችለት ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ደገፈ። ታሪኩ ያምራል፤ መምህራንም ይወዱታል። ነገር ግን በደቡብ ያሉ ጥቁር ሴቶች በምርጫ ቀረጥና በማንበብ ፈተና ሰበብ ተከልክለው እስከ 1965 ድረስ አብዛኞቹ አለመምረጣቸውን ሳታነሡ ካለፋችሁ፣ መልሳችሁ ጎደሎ ነው።

የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ በመጽሐፌ ውስጥ ሁለት ገጽ ናት። እንዴት ላጥናው?

ለብቻ ምዕራፍ አታድርጉት፤ በየምዕራፉ ፈልጉት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከአውሮፓ የሚመጣው ስደተኛ ቆመ፤ የሰሜን ፋብሪካዎች ሠራተኛ አጡ፤ በደቡብ የጥጥ እርሻ፣ የዘር መለያየት ሕግና የደቦ ፍርድ ያስመረራቸው ጥቁሮች ባቡር ተሳፈሩ። ይህ ታላቁ ፍልሰት የሚባለው ነው፤ ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ ወደ 6 ሚሊዮን ሰው አንቀሳቅሷል። “ቺካጎ ዲፌንደር” የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ “ኑ” እያለ ይጽፍ ነበር፤ በባቡሮቹ ላይ የሚሠሩ ጥቁር አስተናጋጆች ጋዜጣውን ደቡብ ድረስ ያደርሱ ነበር። የኢንዱስትሪ ታሪክ፣ የጦርነት ታሪክና የጋዜጣ ታሪክ በአንድ ላይ ነው።

ከዚያ 1919ን ተመልከቱ። ጁላይ 27፣ ቺካጎ፣ ሙቀቱ የከበደ እሑድ ነው። የ17 ዓመቱ ዩጂን ዊልያምስ ሚቺጋን ሐይቅ ላይ በእንጨት ተንሳፋፊ ሲጫወት፣ ማንም ያልጻፈውን ግን ሁሉም የሚያውቀውን የነጮችና የጥቁሮች የውሃ ወሰን አለፈ። ከዳር ድንጋይ ተወረወረ፤ ልጁ ሰጠመ። ፖሊሱ የተጠቆመውን ሰው አልይዝም አለ። ግጭቱ ለቀናት ቀጥሎ 38 ሰው ሞተ፤ 23ቱ ጥቁሮች፣ 15ቱ ነጮች። በዚያው ዓመት ዋሽንግተንን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ተመሳሳይ ደም ፈሰሰ፤ በሁለት ዓመቱ ደግሞ በተልሳ፣ ኦክላሆማ፣ የጥቁሮቹ የግሪንውድ ሠፈር ከሜይ 31 እስከ ጁን 1 ቀን 1921 ነደደ። ያን ጊዜ በይፋ የተመዘገበው የሟች ቁጥር 36 ነው፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን እስከ 300 ሊደርስ ይችላል ይላሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ለአንድ የጥናት ወረቀት በቂ ርዕስ ነው፦ ማን ቆጠረ? ማን አልተቆጠረም?

መሪዎቹንም በሁለት ጎራ ብቻ አትክፈሏቸው። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን “ሙያ ተማሩ፣ ታገሡ”፣ ዱቦይስ “መብታችንን አሁን” የሚለው ንጽጽር እውነት አለው፤ ግን ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስ የደቦ ግድያዎችን አንድ በአንድ እየመዘገበች ስታሳትም የነበረው ከሁለቱ ክርክር በፊት ጀምራ ነው። በማርች 1913 በዋሽንግተን በተደረገው የሴቶች ሰልፍ ላይ ጥቁሮች ከኋላ ይሰለፉ ሲባል፣ አልሄድም ብላ ከኢሊኖይ ሴቶች መሀል ገብታ ነው የተሰለፈችው። ለፈተናም ለሕይወትም የምመርጣት እሷን ነው።

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ምን ያህል ልግባበት?

ስለ ውጊያው ትንሽ፣ አገር ውስጥ ስለሆነው ብዙ። አሜሪካ የገባችው በአፕሪል 1917 ነው። የሞቱባት ወታደሮች ወደ 116,000 ይደርሳሉ፤ ከግማሽ በላዩ በበሽታ ነው፣ በተለይ በ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ።

ከበድ የሚለው ጥያቄ በጦርነት ጊዜ ምን መናገር ይቻላል? የሚለው ነው። በ1917 የስለላ ሕግ፣ በ1918 የሴዲሽን (መንግሥትንና ጦርነቱን የሚያጥላላ ንግግርን የሚቀጣ) ሕግ ወጣ። የሶሻሊስቱ መሪ ዩጂን ዴብስ በጁን 1918 በካንተን፣ ኦሃዮ፣ ጦርነቱን ተቃውሞ ስለተናገረ 10 ዓመት ተፈረደበት። በ1920 ከአትላንታ ወህኒ ቤት ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ ከ900,000 በላይ ድምፅ አገኘ። በገና 1921 ያስፈቱት ሃርዲንግ ናቸው፤ ማለትም መጽሐፉ በሙስና ብቻ የሚያስታውሳቸው ፕሬዚዳንት።

የ1924ቱ የስደተኞች ሕግ ለምን ይህን ያህል ይነሣል?

እናንተ ወይም ወላጆቻችሁ አሜሪካ እንዴት እንደገባችሁ የሚያስረዳው በከፊል እሱ ስለሆነ። በ1907 ብቻ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው አሜሪካ ገብቶ ነበር፤ ብዙው ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ። ይህን ያልወደዱ ኃይሎች መጀመሪያ በ1917 ማንበብ የማይችል አይግባ የሚል ፈተና አስወጡ፤ በ1921 ኮታ አመጡ፤ በ1924 አጠበቁት። ስሌቱ ተንኮል አለበት፦ የእያንዳንዱ አገር ኮታ፣ በ1890 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት የዚያ አገር ተወላጆች 2 በመቶ ይሁን አሉ። ለምን 1890? የጣሊያኖችና የአይሁዶች ብዛት ገና ያልደረሰበት ዓመት ስለሆነ። የጣሊያን ኮታ ከ42,000 ገደማ ወደ 3,845 ወረደ፤ የጀርመን 51,227 ሆነ። እስያውያንን ደግሞ፣ ዜጋ ለመሆን የማይፈቀድለት ሰው አይገባም በሚል አንቀጽ፣ ከነጭራሹ ዘጋ።

ዝቅተኛው ኮታ 100 ነበር። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ላይ አለች፦ በዓመት 100። ይህ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው፤ በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግና በ1990 የመጣው የዲቪ ሎተሪ ደግሞ ከዚያ በኋላ የተከፈቱ በሮች ናቸው። ስለ 1924 ስትጽፉ ይህን በመደምደሚያ ማንሣት ከርዕስ መውጣት አይደለም፤ የሕጉን ዕድሜ ያሳያል።

ኢትዮጵያ ራሷ በዚህ ዘመን የአሜሪካ ታሪክ ውስጥ አለችበት? ለመመረቂያ ወይም ለጥናት ወረቀት ርዕስ እፈልጋለሁ።

አለችበት፤ ብዙም አልተነካም። ሦስት በር ልጠቁም።

አንደኛ፣ በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበረው ሮበርት ስኪነር በ1903 መጨረሻ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ጥያቄው፦ የሩዝቬልት አሜሪካ ከዚህ ምን ፈለገች? ጥጥ ጨርቅ መሸጥ የሚለው መልስ ብዙ ያስኬዳል፤ የአሜሪካ አቡጀዲ በአገራችን ገበያ የታወቀ ነበርና።

ሁለተኛ፣ በ1919 ክረምት የኢትዮጵያ ልዑካን አሜሪካ መጡ፦ ደጃዝማች ናደው፣ ብላታ ኅሩይ፣ ከንቲባ ገብሩና አቶ ስንቄ። የመጡት ለጦርነቱ ድል እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ነው። ከላይ ያነበባችሁት የቺካጎና የዋሽንግተን ደም የፈሰሰው በዚያው ክረምት ነው። የነጮቹ ጋዜጣ ስለ ልዑካኑ ምን ጻፈ? የጥቁሮቹስ? ሁለቱን ማወዳደር እጅግ ጥሩ ወረቀት ይወጣዋል።

ሦስተኛ፣ ማርከስ ጋርቬይ የመራው የጥቁሮች ማኅበር በኦገስት 1920 ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ያጸደቀው መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶች ምድር ይላታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ “ኢትዮጵያ” በዚያ ዘመን በጥቁር አሜሪካውያን አፍ ብዙ ጊዜ አፍሪካን በሙሉ፣ ወይም የመዝሙረ ዳዊትን “ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች” የሚለውን ተስፋ ነው የሚያመለክተው። እያንዳንዱን ቦታ ስለ ምኒልክ አገር የተነገረ አድርጋችሁ ካነበባችሁ ወረቀቱ ከመሠረቱ ይናዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተጻፉ ምንጮችን ስጠቀም ዓመቱ አይገጥምልኝም።

ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ላለው 8 ዓመት ቀንሱ፤ በሰግር ዓመት መባቻው በአንድ ቀን ይገፋል። የስኪነር ውል ዲሴምበር 1903 ሲሆን በእኛ ታኅሣሥ 1896 ነው፤ የልዑካኑ ሐምሌ 1919 ደግሞ ሐምሌ 1911። በወረቀታችሁ ውስጥ ግን አንድ አቆጣጠር ብቻ ያዙ፤ ሁለቱን ማደባለቅ መምህሩን ከማሳበድ ሌላ ጥቅም የለውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ምንጮችን በነፃ ከየት አገኛለሁ?

ለዚህ ዘመን ዕድለኞች ናችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ጽሑፍ የቅጂ መብቱ ስለሚያበቃ፣ ብዙው ነገር ኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ ተለቋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት “ክሮኒክሊንግ አሜሪካ” በሚል ስም የድሮ ጋዜጦችን በሚሊዮን ገጽ አስቀምጧል፤ ከአዲስ አበባም ከሲልቨር ስፕሪንግም እኩል ይከፈታል።

ስትፈልጉ የዘመኑን ስም ተጠቀሙ። “ኢትዮጵያ” ብላችሁ ከምትፈልጉ “አቢሲኒያ” ብትሉ በጣም ብዙ ታገኛላችሁ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት “ታላቁ ጦርነት” ይባል ነበር፤ ጥቁሮችን የሚጠሩበትም ቃል ዛሬ የማንጠቀምበት ነው። ገጾቹ በማሽን ስለተነበቡ ፊደል ይሳሳታል፤ የደጃዝማች ናደውን ስም በአራትና በአምስት አጻጻፍ ሞክሩ።

የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችም አሉ። የሰዎች ስም ያለበት ዝርዝር ይፋ የሚሆነው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ ከ1900 እስከ 1950 ያሉት ሁሉ ክፍት ናቸው። የ1890ውን አትፈልጉ፤ አብዛኛው በ1921 በእሳት ጠፍቷል። ለ1924ቱ ሕግ መለኪያ የሆነው ቆጠራ መሆኑ ደግሞ የታሪክ ቀልድ ነው።

ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል? እንዴት ነው የሚነበበው?

ይቆጠራል፤ በፈተናም ይመጣል። የሉዊስ ሃይንን ሥራ ውሰዱ። ከ1908 ጀምሮ ለብሔራዊ የሕፃናት ጉልበት ኮሚቴ ተቀጥሮ በጥጥ ፋብሪካ፣ በከሰል ማዕድን፣ በዓሣ ማሸጊያ የሚሠሩ ልጆችን አነሣ፤ ከ5,000 በላይ ምስሉ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለ። ፋብሪካ ለመግባት መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ ነኝ፣ የማሽን ፎቶ አንሺ ነኝ እያለ ያታልል ነበር። የልጆቹን ቁመት በኮቱ ቁልፎች ይለካል፤ ዕድሜያቸውን ይመዘግባል።

ምስሉን ስታዩ መጀመሪያ የማን ገንዘብ ነው ያስነሣው? ብላችሁ ጠይቁ። ኮሚቴው ሕግ እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የተመረጠው ትንሹ ልጅ፣ ትልቁ ማሽን ነው። ይህ ፎቶውን ውሸት አያደርገውም። ማንን ለማሳመን እንደተነሣ ይነግራችኋል። ከዚያ ከፎቶው ውጭ ያለውን ፈልጉ፦ ሃይን ካነሣቸው ልጆች የሚበዙት ነጮች ናቸው፤ በእርሻ ላይ የሚውሉት ጥቁር ልጆችስ? ያ የ1916 ሕግም እርሻን አልነካም። በ1918 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሱንም ሻረው፤ ዘላቂ ሕግ የመጣው በ1938 ነው።

ዲቢኪው (በተሰጡ ሰነዶች ላይ ተመሥርቶ የሚጻፈው የኤፒ ድርሰት) ያስፈራኛል። ሰባት ሰነድ በአንድ ሰዓት?

15 ደቂቃው ለማንበብ፣ 45ቱ ለመጻፍ ነው፤ ከጠቅላላው ውጤት 25 በመቶ ይይዛል። የእኛ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው ሰነዶቹን አንድ በአንድ ማብራራት ነው፦ “ሰነድ 1 ይህን ይላል፣ ሰነድ 2 ይህን ይላል።” ይህ ለአራሚው የራሱን ወረቀት መልሶ ማንበብ ነው። ሰነዶቹን በሐሳብ ቡድን ክፈሏቸው፤ ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ ጋር ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደጻፈ አያይዙ፤ ከሰነዱ ውጭ የምታውቁትን አንድ ተጨባጭ ነገር ጨምሩ።

መከራከሪያ ሐሳቡ ጥርስ ይኑረው። “የፕሮግረሲቭ ዘመን ብዙ ለውጥ አመጣ” የሚለው ባዶ ነው። ይህን ተመልከቱ፦ “ከ1900 እስከ 1920 የወጡት ሕጎች ተመጋቢውንና መካከለኛውን መደብ ቢጠብቁም፣ የዘር መለያየትን ሳይነኩ፣ አንዳንዴም እያጠናከሩ ነው ያለፉት።” ይህ ሊሞገት ይችላል፤ ስለሚሞገትም ነጥብ ያስገኛል። “ቢ...ም” የሚለው አሠራር በእንግሊዝኛውም ይሠራል፤ አማርኛ አሳቢ ጭንቅላት እንዲያውም ይቀናዋል።

ኤአይ ወይም ዊኪፒዲያ ብጠቀምስ?

ለመግቢያ ዊኪፒዲያ ይሁን። ኤአይ ግን ያልተነገረ ጥቅስ ፈጥሮ በዴብስ ወይም በሩዝቬልት አፍ ሲያስገባ ታገኙታላችሁ። ጥቅስን ከዋናው ገጽ ካላያችሁት አትጻፉት።

እኔ ወላጅ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም፤ ልጄን በዚህ ትምህርት እንዴት ልርዳው?

እርስዎ የሚያውቁት ነገር ከሚገምቱት በላይ ነው። ልጅዎ ስለ ፎርድ ፋብሪካ ሲያጠና ያስረዳዎት፦ ኩባንያው በ1914 የቀን ደመወዝ ወደ 5 ዶላር አደረሰ፤ በምትኩ ግን ተቆጣጣሪዎች ወደ ሠራተኛው ቤት እየሄዱ ይጠጣል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ ብለው ይመረምሩ ነበር፤ ለስደተኞቹም የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከፈቱላቸው። ከዚያ እርስዎ በፈረቃ የሠሩ፣ ክፍል ገብተው እንግሊዝኛ የተማሩ ሰው ከሆኑ፣ አለቃ ምን እንደሚጠይቅ፣ ደመወዝ ሲጨመር ምን አብሮ እንደሚመጣ ይንገሩት። በአማርኛ አስረድቶ ያልቻለውን በእንግሊዝኛም አልገባውም፤ እሱን ማረጋገጥ የእርስዎ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ፈተናው አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ምንም አላጠናሁም።

ለቅሶውን እናቆየውና አምስት ክስተት ምረጡ፦ የ1906ቱ የምግብ ሕጎች፣ የትራያንግል ቃጠሎ፣ የ1912ቱ ምርጫ፣ የ1919 ክረምት፣ የ1924ቱ ሕግ። ለእያንዳንዱ በአንድ ገጽ ምን አመጣው፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተረሳ የሚለውን ጻፉ። በቀን አንድ ነው። በ6ኛው ቀን አንድ የድሮ ዲቢኪው በሰዓት ሥሩ፤ በ7ኛው ቀን ተኙ።